ባዶውን ያልተመለሰው ቅርጫት

የታሰርኩት ቀጠሮዬን አክብሬ በመሄዴ ነው። ጠዋት ሽምብራ ዘፍዝፌ፣ ከምሳ በፊት እመለሳለሁ ብዬ፣ መኪናዬን ከሕንፃው ጎን ፓርክ አድርጌ ገባሁ። በዓመት አንዴ የምሄድበት የኢሚግሬሽን ቢሮ ነው። ሁልጊዜ ወረቀቴን አይተው፣ የሚቀጥለውን ቀን ነግረው ይሸኙኝ ነበር። ያን ቀን መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። «እዚያ ወንበር ላይ ጠብቂ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ያለው በር ተቆለፈ። ዞር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።

ስለ መጀመሪያው እስሬ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። በአገሬ፣ በጻፍኩት ነገር ምክንያት የታሰርኩት ነው። ስለሱ ስናገር ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠኛል፤ «የፖለቲካ እስረኛ» ይለኛል። ስለ ሁለተኛው የጠየቀኝ የለም። ሁለተኛው እዚሁ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ አውሮራ ነው፣ ፒዮሪያ ስትሪት ካለው ቤቴ በመኪና ሩቅ አይደለም። ለዓመታት በእስር ቤቱ አጠገብ ሳልፍ መጋዘን ይመስለኝ ነበር። ከመጀመሪያው ሸሽቼ ጥገኝነት ባልጠይቅ ኖሮ ሁለተኛው ውስጥ አልገባም ነበር፤ ስለዚህ ለእኔ ሁለቱ አንድ እስር ናቸው። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ሲያዝኑልኝ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። የማንንም ስም አልጽፍም።

የአውሮራው ክፍል ሰፊ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ተደራራቢ አልጋዎች፣ መሃል ላይ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ የብረት ጠረጴዛዎች። የወለል ማጽጃና የኢንዶሚ ሽታ አለው። ይበርዳል። መብራቱ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ጠዋት ነው። ከቁርስ በፊት ጠባቂ በሩ ላይ ቆማ ስም ትጠራለች። «ዕቃሽን ያዢ» ካለች፣ የተጠራችው ሴት ወዴት እንደምትሄድ አይነገራትም። ወደ ቤቷ ይሆናል፣ ወደ ሌላ ስቴት ይሆናል፣ ወደ አውሮፕላን ይሆናል። ጥሪው እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይበላም። እኔ በየማለዳው፣ ጥሪው ካለቀ በኋላ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያስመልሰኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከመሃላችን ሀበሾቹ ሦስት ነበርን። አንደኛዋ ወጣት ልጅ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ብዙ አገር በአውቶቡስና በእግር አቋርጣ በደቡቡ ድንበር የገባች። ጥርሷን ስለሚያማት ስታወራ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ነው። ገና ያየችኝ ቀን «እማማ» አለችኝ።

«እማማ አትበይኝ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«አስተማሪ ነበርኩ።»

«እሺ ቲቸር» አለችና ሳቀች። በማግስቱ እማማ ብላ ቀጠለች።

ሌላዋ ሃምሳን የተጠጋች ሴትዮ ናት። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ማንም ሳይሾማት አስተርጓሚ ሆናለች። ጠባቂዎቹን በየስማቸው ትጠራለች፤ የልጆቻቸውን ጤና ሳትጠይቅ አታልፍም። ለእኛ ስትተረጉም ጠባቂዋ ባለችው ላይ የራሷን ምክር ትጨምራለች። እኔ እንግሊዝኛ ስለምሰማ የትኛው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስፈራ ግን መናገሩ ይጠፋብኛል። እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ እፈራ ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው። አገር ቤት እያለሁ ወጣቶች ከተጣለ ነገር ዕቃ እንዲሠሩ አስተምር ነበር። ከአሮጌ ጎማ በርጩማ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ፋኖስ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የደብተር ቦርሳ። ማማሩ ብቻ አይበቃኝም ነበር፤ ማገልገል አለበት። ተማሪው የሠራውን በርጩማ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው መቀመጥ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚጣለው የቺፕስ ከረጢት፣ የኢንዶሚ ላስቲክ፣ የዳቦ ፌስታል ነው። ከመጣያው እያወጣሁ በሳሙና ማጠብ ስጀምር ሴትዮዋ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ምን ጎደለብዎት? ሰው ምን ይለናል?»

«የትኛው ሰው?»

ዙሪያዋን አይታ ሄደች።

መቀስ የለም፣ መርፌ የለም። ከረጢቱን አጥፌ እጥፋቱን በጥፍሬ ደጋግሜ ስጫነው ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። ቁራጩን በቁመቱ እጥፍ እጥፍ አድርጎ፣ ከዚያ ለሁለት አጥፎ፣ ጫፎቹን ወደ መሃል መመለስ ነው። ትንሽ ሹካ የመሰለ ነገር ይሆናል። የአንዱ እግር በሌላው ሆድ ውስጥ ይገባል። እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል። ሰንሰለቱን ዙሪያውን እየጠቀለሉ፣ ከፎጣ ጫፍ በተመዘዘ ክር ማያያዝ። መርፌያችን የተሰበረ የማበጠሪያ ጥርስ ነበር። የከረጢቱ የውስጥ ወገን ብርማ ስለሆነ ወደ ውጭ ሲገለበጥ ያንጸባርቃል።

ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀጥሎ ስፓኒሽ የሚናገሩ ሁለት ወጣቶች መጡ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም፤ እጄን እያዩ ይሠሩ ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነኝ፣ ደግ አስተማሪ ግን አይደለሁም።

«ይሄ ላልቷል። ፍቺው።»

«እማማ፣ ማን ያየዋል? ታች በኩል እኮ ነው!»

«ሳሙናሽ ያየዋል። በዚያ በኩል ነው የሚወድቀው።»

«በአላህ! እዚህም ፈተና መውደቅ አለ?» ትልና ጉንጯን ይዛ እየሳቀች ትፈታዋለች።

የሠሩት ሁሉ አገልግሎት ነበረው። የሳሙና ማስቀመጫ፣ ለመታጠቢያ ቤት ጫማ መተኪያ ማሰሪያ፣ ለዓይን መብራት መከለያ። የመጀመሪያው የእኔ ቅርጫት ነው፤ ሁለት መዳፍ የሚያክል፣ ክዳን ያለው። የቀን ጠባቂዋ አንድ ጊዜ አንስታ አየችውና «ቆንጆ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ደንቡ ግን ሌላ ነው። ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ የተለወጠ ዕቃ ሁሉ የተከለከለ ነው። ሥራችን በሙሉ የተቀመጠው በዚህች ሴት ዝምታ ላይ ነበር። እኔም ይህን እያወቅሁ እያንዳንዷን ቁራጭ በፍርሃት ነው ያጠፍኩት።

ልጅቷ ሐሙስ ዳኛ ፊት ልትቀርብ ነበር፣ እዚያው ሆና በቪዲዮ። እዚህ ትቆያለች ወይስ ትመለሳለች የሚለው የሚወሰነው ያን ቀን ነው። ጠበቃዋ አደራ ብሏታል፤ እስከዚያ ድረስ ምንም ሪፖርት እንዳይጻፍባት። ድምፅ እንኳ ከፍ አታደርግም ነበር። ስለ አገር ቤት ስታወራ «ከመለሱኝ እኮ» ትልና ታቆማለች። ምን እንደሚጠብቃት አልጠየቅኋትም። እኔም ስጠየቅ አልወድም።

ማክሰኞ ቅርጫቴን ተዋሰችኝ፤ ሳሙናዋንና ማበጠሪያዋን ይዛ ገላዋን ልትታጠብ። ረቡዕ ጠዋት፣ የስም ጥሪው አልቆ ለቆጠራ ስንሰለፍ፣ በሁለት እጇ ይዛ መለሰችልኝ።

«ውስጡን ኋላ ይዩት» አለችኝ ዝቅ ብላ።

ስኳር መሰለኝ። ጠባቂዋ እየቆጠረች ወደ እኛ ስለደረሰች ሳልከፍተው አልጋዬ ሥር ካለው የላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያም ረሳሁት።

ከምሳ በኋላ የቀን ጠባቂዋ ገባች። ፍተሻ ሲሆን ሁላችንንም ነው ከአልጋ የሚያስነሱን። ያን ቀን ማንንም አላስነሳችም። ቀጥ ብላ ወደ እኔ አልጋ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ሳጥኑን ጎተተች፣ ቅርጫቱን አወጣች። እንዲህ የሚያደርገው የት እንዳለ የተነገረው ሰው ነው። ክዳኑን ስትከፍት ተጣጥፎ የተጠቀለለ ሶፍት ወጣ። ስትፈታው ሁለት ነጭ ክኒኖች ነበሩ።

መድኃኒት እዚያ እንዴት እንደሚሰጥ ልናገር። ተሰልፈሽ ነው፣ ነርሷ ፊት ትውጫለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ታሳያለሽ። ደብቆ ማስቀረት ትልቅ ጥፋት ነው። የብቻ ክፍል ያስገባል፣ ፋይል ላይም ይጻፋል።

ሴትዮዋ ሳትጠራ መጣች።

«ምንድን ነው ትላለች፣ እትዬ።»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ያኔ ልጅቷን አየኋት። የግድግዳ ስልኮቹ ጋ፣ ከኛ ራቅ ብላ ቆማለች። እጇ ጉንጯ ላይ ሳይሆን አፏ ላይ ነበር። ገባኝ። ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። ከእኛ ሰፈር ጎረቤት በሰሃን ነገር ከላከ፣ ሰሃኑ ቆሎም ይሁን ጎመን ሳይዝ አይመለስም፤ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው። እሷ እዚያ ምን ነበራት? የጥርሷ ማስታገሻ ነበራት። ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴ እንዴት እንደሚያደርገኝ ታይ ነበር። ለሁለት ጊዜ ክኒኑን ከምላሷ ሥር አስቀርታ፣ ሕመሟን ችላ፣ ዕቃዬን ባዶውን ላለመመለስ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላዋለች።

ጠባቂዋ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። «አንቺ መድኃኒት ሰልፍ ላይ አትቆሚም» አለች። «የማን ነው?»

ሴትዮዋ ተረጎመችልኝ። ከዚያ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ የራሷን ጨመረች።

«እትዬ፣ የማን እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ክኒን የምትወስደው እሷ ናት። የኔ አይደለም ብቻ ይበሉ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ጀግና መስዬ መታየት አልፈልግም። የብቻ ክፍል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በመጀመሪያው እስሬ አንድ ክረምት ሙሉ ብቻዬን ዘግተውብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር አልዘጋም። «የኔ አይደለም» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። እውነትም ነበር። ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም። በልጅቷም ተናድጄ ነበር፤ ማን ክኒን አምጪ አላት? ማን እዘኚልኝ አላት? ሴትዮዋ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ መልሴን እንደ ደረሰ ነገር እየጠበቀች ነበር። ያቺ አንገት አናደደችኝ። ከፍርሃቴ በለጠ ልበል? አልበለጠም። ግን ቀደመው።

«ማይን» አልኩ። እንግሊዝኛዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ቅርጫቱ የኔ ነው። ውስጡ ያለው የኔ ነው። ጉልበቴን ያመኛል።»

ሴትዮዋ በአማርኛ «እትዬ ምን ነካዎት!» አለች።

ጠባቂዋ እንደዋሸሁ ታውቃለች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀችና በሬዲዮዋ ሰው ጠራች። ቅርጫቱን ዘረጋችልኝ።

«ቅደጅና ጣይው» አለች።

ተቀበልኳትና ጠረጴዛው ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። አልቀደድኩትም። የክዳኑን ክር በጥርሴ በጠስኩና ከላይኛው ዙር ጀምሬ መፍታት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ማያያዣ እንቢ አለኝ። ልጆቹ፣ ሁለቱም ስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ መጥተው ቆሙ። ልጅቷ አልመጣችም፤ ለሷ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ስትፈቱ አትጎትቱ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ከዚያ ይላላል። ይኸው። እግሩ እንዲህ ይወጣል። ጥግ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ፤ ላልቶብሽ የነበረው እዚህ ጋ ነው።»

«ቶሎ በይ» አለች ጠባቂዋ።

«አሁን የታችኛው ነው። ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው። አራቱን ስታዩ እንደ መስኮት ይሆናሉ። መስኮቱ ካልተስተካከለ ከላይ ምንም ብትሠሩ ይዘማል።»

ሌላ ጠባቂ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። የቀን ጠባቂዋ እጇን አንስታ «ጠብቅ» አለችው። ይህን አልረሳላትም። የመጨረሻዎቹን አራት ፈታሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ በመዳፌ ደልድዬ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክዬ ደረደርኩ፣ ተነሥቼ መጣያው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እጄን ለካቴና ዘረጋሁላቸው።

ስለ ብቻ ክፍሉ ብዙ አልጽፍም። በሩ ሲዘጋ ጮህኩ። ከጮህኩ በኋላ አፈርኩ፣ ካፈርኩ በኋላ እንደገና ጮህኩ። ምግብ በበሩ ቀዳዳ ይገባል። ጣቶቼ የሚያጥፉት ነገር ሳይኖር ያጥፉ ነበር። ሐሙስ መቼ መጥቶ መቼ እንዳለፈ አላወቅሁም።

ስመለስ የልጅቷ አልጋ አንሶላ አልነበረበትም። ከስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ አንዷ ፊቴን አይታ ወደ እኔ ሮጠች፤ በሩን አሳየችኝ፣ ከዚያ አውራ ጣቷን ቀና አደረገች። ወደ ውጭ ነው። ዳኛው ለቋታል። ሴትዮዋ ያን ቀን ወደ ጠረጴዛችን አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ከወራት በኋላ እኔንም ለቀቁኝ። ጉዳዬ ግን እስካሁን አላለቀም። ልጅቷ ጎረቤት ከተማ እንግልውድ ውስጥ አዛውንት ትንከባከባለች። ለበዓል ትደውልልኛለች። ከበዓል ውጭ አትደውልም። አልተቀየምኩም እላለሁ። ተቀይሜያለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አውሮራ ውስጥ ወጣቶችን አስተምራለሁ። የሹፌር ልጆች፣ የባለሱቅ ልጆች፣ በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱልኝ። ከጎማ፣ ከካርቶን፣ ከተጣለ የመኪና ቀበቶ ወንበርና መብራት እንሠራለን። ባለፈው የጸደይ ወራት ሥራቸውን ለወላጆች አሳየን። አዘጋጆቹ ስለ አካባቢ ጥበቃ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር፤ አጭር ተናግሬ ወረድኩ። ከዚያ ውሃና ለስላሳ የለገሰች ባለሱቅ እንድትናገር ተጋበዘች። ያቺው አስተርጓሚ ሴትዮ ነበረች። ተፈትታ ሃቫና ስትሪት ላይ ሱቅ እንዳላት ሰምቼ ነበር፤ በዚያ በኩል ስነዳ ቀና ብዬ አላይም።

ማይክሮፎኑን ይዛ «እኔና እትዬ» አለች። «እኔና እትዬ በዚያ በክፉ ጊዜ፣ እስር ቤት ሆነን፣ ልጆቹን ሰብስበን ይህንን ሙያ እናስተምር ነበር። ተስፋ እንዳይቆርጡ።» ሰው አጨበጨበ። አንዲት እናት ዓይኗን ጠረገች። እኔ ሁለት እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

በርጩማዎቹን መኪናዬ ላይ ስጭን ተከትላኝ ወጣች።

«እትዬ፣ ተቀየሙኝ?»

«ጥሩ ተናገርሽ።»

«እኔ እኮ ያኔ ስለ ቅርጫቱ ብቻ ነው ለጠባቂዋ የነገርኳት። ወስዳ ትጥለዋለች ብዬ ነው። ክኒን እንዳለበት ባውቅ ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ካወቅሽ በኋላስ?»

ወደ መንገዱ ዞረች። መኪኖች አለፉ።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ጠባቂዎቹ እንዲወዱኝ ፈልጌ ነው። ከወደዱኝ አይመልሱኝም ብዬ።»

«ሁላችንም ፈርተን ነበር» አልኳት።

አለቀሰች። ይህቺ ሴት ስታለቅስ ባይ ደስ ይለኛል ብዬ ለረጅም ጊዜ አስቤ ነበር። ያሰብኩትን ያህል አልሆነም። ሶፍት አውጥቼ ሰጠኋት። ፊቷን ጠርጋ ቀና ስትል ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«ልጅቷ ሱቄ ትመጣለች። እህቴ ነው የምትለኝ። ሥራ ሲበዛብኝ ልጄን ትጠብቅልኛለች። ያኔ ያደረግሁትን ታውቃለች እንዴ?»

ያን ፊት አውቀዋለሁ። ከቁርስ በፊት፣ በሩ ላይ ስም ሲጠራ፣ ሁላችንም ያለን ፊት ነው። መልሴን ሆን ብዬ ትንሽ አቆየሁት። አላቆየሁትም ብል ውሸቴን ነው።

«አታውቅም።»

«ይነግሯታል?»

«እኔ አልነግራትም። አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

ትራንኩን ዘግቼ ሄድኩ።

ባለፈው በዓል ልጅቷ ደወለች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጥርሷ፣ ከማን ሱቅ በርበሬ እንደምትገዛ አወራችልኝ። «ጥሩ ሴት ናት እማማ፣ እርስዎንም ሁሌ ታነሳለች» አለችኝ። ገና እንዳልነገረቻት አወቅሁ። የበርበሬውን ዋጋ ጠየቅኋት።

ስለዚህ ጻፍኩት። ለጠባቂ ስም አልሰጠሁም፣ እዚህም ስም አልጻፍኩም። ልጅቷ ግን አንባቢ ናት፤ እኛም ሀበሾቹ እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ብቻ ነበርን። ታትሞ በልጅቷ እጅ እስኪገባ ድረስ ሴትዮዋ ራሷ ልትነግራት ጊዜ አላት። ልጅቷ ወደ ሱቁ የምትሄደው ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ነው። ያን ሰዓት ሰው አይበዛም።